ለጾም ገበታ የሚሆን የምግብ መጽሐፍ የቱ ነው? ከደሴና ከኮምቦልቻ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ ዕትም ዓምዳችን የሚመልሰው ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ስለ ሥጋ አልባ ምግብ አሠራር የላኩልንን ጥያቄዎች ነው። ጥያቄዎቹን ለቦታ ስንል አሳጥረናቸዋል፤ የጠያቂዎቹንም ስም እንደ ልማዳችን አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ በደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው፤ የአራት ልጆች እናት ነኝ። ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር ከሽሮ፣ ከምስርና ከጎመን ሳንወጣ ሃምሳ አምስቱን ቀን እንዘልቀዋለን። በአሜሪካ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ለበዓል ስትመጣ አንድ የአትክልትና የጥራጥሬ ምግብ መጽሐፍ ልታመጣልኝ ቃል ገብታለች። የእንግሊዝኛ ንባብ አያስቸግረኝም። ሻንጣዋ ብዙ ስለማይችል ከአንድ በላይ ማለት አልደፈርሁም፤ የቱን ልንገራት?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ የመጽሐፍ ስም ከመጥራታችን በፊት መምረጫውን ብናስቀድም ይሻላል። የሥጋ አልባ ምግብ መጽሐፍ በፎቶግራፉ ማማር ወይም በገጹ ብዛት ሳይሆን ስለ ጥራጥሬ በሚናገረው ክፍሉ ሊመዘን ይገባል ብለን እናምናለን። ምስሩ በስንት ውሃ እንደሚበስል፣ የትኛው ጥራጥሬ እንደሚዘፈዘፍና የትኛው ሳይዘፈዘፍ እንደሚጣድ፣ ቅመሙ ዘይት ውስጥ የሚገባው መቼ እንደሆነ በመጠንና በሰዓት ለይቶ የሚናገር ከሆነ ለእኛ ቤት ይሆናል። ለጥራጥሬ ጥቂት ገጽ ሰጥቶ የቀረውን ለአይብ፣ ለእንቁላልና ደሴ ገበያ ላይ ለማይወጣ አትክልት ያዋለ መጽሐፍ ግን፣ የቱንም ያህል ዝነኛ ቢሆን፣ የመደርደሪያ ጌጥ ከመሆን አያልፍም።

በዚህ መመዘኛ ስንሄድ በአሜሪካ በጣም ከሚወደዱት አንዱ የሆነው የሞሊ ካትዘን «ሙስዉድ ኩክቡክ» ለእርስዎ አይሆንም። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1977 በአሳታሚ ድርጅት በኩል የወጣ፣ በእጅ ጽሑፍና በእጅ ሥዕል የተዘጋጀ፣ በኒው ዮርክ ግዛት ኢታካ ከተማ ከሚገኝ የሥጋ አልባ ምግብ ቤት የተወለደ ነው። በታሪኩ ክብር የሚገባው ቢሆንም አይብ፣ እንቁላልና ቅቤ የማይገባበትን ምግብ ፈልጎ ለማግኘት ብዙ ገጽ ያስገልጣል። የዴቦራ ማዲሰን «ቬጀቴሪያን ኩኪንግ ፎር ኤቭሪዋን» (እ.ኤ.አ. 1997) ስለ እያንዳንዱ አትክልት አመራረጥና አያያዝ የሚሰጠው ትምህርት ጥልቅ ነው፤ ሆኖም እርሱም ወተትና እንቁላልን አይተውም። እነዚህን ሁለቱን ለፍስክ ወራት ቢያነቡአቸው አይጸጸቱም።

የእኛ ምርጫ ማዱር ጃፍሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት «ወርልድ ቬጀቴሪያን» ነው። ደራሲዋ ደልሂ ከተማ የተወለዱ ተዋናይትና የምግብ ጸሐፊ ሲሆኑ፣ ከ650 በላይ የምግብ አሠራሮችን ከብዙ አገሮች ሰብስበው አቅርበዋል። እርጎና የሕንድ ንጥር ቅቤ የሚገባባቸው ምግቦች አሉበት፤ ነገር ግን ቅቤው በዘይት ሲተካ ጣዕማቸው ከማይጎዳው ወገን የሚመደቡት ብዙ ናቸው፣ ለባቄላ፣ ለምስርና ለክክ የተሰጠው ክፍልም ሰፊ ነው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድ፣ ከሙን፣ ድንብላልና ቃሪያ በየገጹ ስለሚገኙ፣ ሰኞ ዕለት ከገበያ ይዘውት በሚመለሱት ዘንቢል ብዙውን ሊሠሩት ይችላሉ።

ጥቅሙን በአንድ እህል እናሳይ። በቃሉ ወረዳና በአካባቢው ቆላ ገበሬው ማሾ ያመርታል፤ የሚያመርተው ግን በአብዛኛው ለሽያጭ ነው፤ እህሉም በምርት ገበያ በኩል አልፎ ወደ ውጭ ይላካል እንጂ ከእኛ ድስት እምብዛም አይገባም። ከደጃችን የሚበቅል ጥራጥሬ እንዲህ ባይተዋር ሆኖ መቅረቱ ያስገርማል። በሕንድ ቤቶች ማሾ የዘወትር ምግብ ነው፦ ተከክቶ እንደ ክክ ወጥ ይሠራል፤ ሳይከካ ይቀቀላል፤ ተዘፍዝፎና ተፈጭቶ በምጣድ ላይ እንደ ስስ ቂጣ ይጋገራል፤ እንዲያጎነቁል ተደርጎም ከሎሚና ከቃሪያ ጋር በጥሬው ወይም ለብ ተደርጎ ይበላል። በዚህ ጾም ለመሞከር ከፈለጉ ሁለት ብርጭቆ ማሾ ለቅመውና አጥበው በስድስት ብርጭቆ ውሃ ይጣዱት፤ መዘፍዘፍ አያስፈልገውም። ፈንድቶ ሲለሰልስ እርድ፣ የተወቀጠ ዝንጅብልና ጨው ይጨምሩበት። በሌላ ድስት ሽንኩርቱን በዘይት እስኪቀላ ጠብሰው፣ ነጭ ሽንኩርትና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያልተፈጨ ከሙን ከጨመሩ በኋላ ከሙኑ መንጣጣት ሲጀምር ከነዘይቱ በማሾው ላይ ያፍስሱት። ከምድጃ ሲወርድ ሎሚ ይጨመቅበታል። የእኛ ወጥ ቁሌቱን መጀመሪያ ላይ ያደርጋል፤ ይህኛው ዘዴ ደግሞ የጋለውን ቅመም መጨረሻ ላይ ያፈስሳል፤ ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ልጆችዎ «ዛሬም ያው ነው?» እንዳይሉ ያደርጋል።

ስለ አገራችን ምግብ በእንግሊዝኛ የተጻፉትንም ሳናነሣ አናልፍም። ዳንኤል ጆቴ መስፍን እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ያሳተሙት «ኤግዞቲክ ኢትዮጵያን ኩኪንግ» በኋላ ተሻሽሎ ሲወጣ 178 የተፈተሹ አሠራሮችንና የምግቦችን ይዘት የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይዟል፤ የጾሙንም የፍስኩንም ያካትታል። የሼፍ ዮሐንስ ገብረየሱስ መጽሐፍ (እ.ኤ.አ. 2018) በአማረ ፎቶግራፍ የታጀበ ነው። የኪቲ በርንስ «ጤፍ ላቭ» (እ.ኤ.አ. 2015) ደግሞ ሙሉ በሙሉ የኢትዮጵያን ምግብ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል የሚያስተምር ነው። ይህ የመጨረሻው ለእርስዎ ሳይሆን ሽሮ መሥራት ለናፈቃት እህትዎ የሚጠቅም ይመስለናል፤ እርስዎ በእጅዎ የሚያውቁትን እርሷ በማንኪያ ተለክቶ ታገኘዋለች። አንድ ነገር ብቻ ከመጽሐፉ ጋር ያስመጡ፤ የአሜሪካ መጽሐፍ «ካፕ» ሲል 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለቱ ስለሆነ፣ የእነርሱ የመለኪያ ስኒዎች ስብስብ ያስፈልግዎታል፤ ሻንጣው ውስጥም ብዙ ቦታ አይወስድም።

ጥያቄ፦ ከውጭ መጽሐፍ ላይ አይቼ ቀይ ቦሎቄ በቲማቲም ሠራሁ። መጽሐፉ «አንድ ሰዓት ይቀቀል» ይላል፤ እኔ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ቀቅዬው እንኳ ከጥርስ ጋር ይታገላል። ኮምቦልቻ ያለችው የአክስቴ ልጅ በዚያው መጽሐፍ ስትሠራ ከእኔ ይልቅ ቶሎ ይበስልላታል። ስሕተቱ ከመጽሐፉ ነው ወይስ ከእኔ? (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ ከሁለታችሁም አይደለም፤ ከቦታው ከፍታ ነው። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት በአብዛኛው የሚጻፉት ለባሕር ጠለል ቅርብ በሆኑ ከተሞች ሲሆን፣ በዚያ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው ቀድሞ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ድስትዎ ውስጥ ያለው ውሃ የቱንም ያህል ቢንፈቀፈቅ ከ92 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ወደ 94 ይጠጋል። እሳቱን ማንደድ ውሃውን ቶሎ ያተነዋል እንጂ ሙቀቱን አይጨምረውም። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ተለያይታችሁ የአክስትዎ ልጅ የምትቀድምዎ በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን የሚያስተካክለው ፕሬዠር ኩከር ነው፤ እርሱም ቢሆን በከፍታ ጥቂት ስለሚደክም በመጽሐፉ ላይ ከተጻፈው ጊዜ ደሴ ላይ ሲሶ፣ ኮምቦልቻ ላይ አንድ አምስተኛ ያህል ይጨመርበት። ፕሬዠር ኩከር ከሌለ ቦሎቄውን ሌሊቱን ዘፍዝፈው፣ የዘፈዘፉበትን ውሃ ደፍተው በአዲስ ውሃ ይጣዱት። ቲማቲሙን ቀድመው ከጨመሩት ደግሞ አሲዱ የቦሎቄው ቆዳ እንዳይለሰልስ ስለሚያደርግ፣ ቲማቲምም ሆነ ሎሚ ቦሎቄው ሙሉ በሙሉ ከለሰለሰ በኋላ ብቻ ይግባ። ከዓመት በላይ የቆየ ወይም ሙቀትና እርጥበት ባለበት ጎተራ የተቀመጠ ቦሎቄ ግን ብዙ ቢቀቀልም በቀላሉ አይላላም፤ ሲገዙ የትኛው መኸር እንደሆነ መጠየቅ አያሳፍርም። ሶዳ መጨመር ያፋጥነዋል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለውን ቫይታሚን ቢ1 ስለሚያጠፋው እኛ አንመክረውም።

ቀይ ቦሎቄን በሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ግዴታችን ነው። በጥሬው ወይም በግማሽ ብስል ሆድን ክፉኛ የሚያሳምም ንጥረ ነገር አለው፤ ይህም የሚጠፋው በኃይለኛ መፍላት ነው። የውጭ መጻሕፍት ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይፍላ ይላሉ፤ የአሜሪካ የምግብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ደቂቃ ያዝዛል። በእኛ ከፍታ ሠላሳውን መያዝ ነው፤ በዝግታ በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ከጥሬው ጀምሮ መሥራት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ «ቬጀቴሪያን» ተብሎ የተጻፈ ኬክ ለጾም ይሆናል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይሆንም፤ ሥጋ የለውም ማለት እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ የለውም ማለት አይደለም። «ቪጋን» የሚለውን ይፈልጉ፤ እርሱ ከጾማችን ጋር ይገጥማል፣ እንዲያውም እኛ የማንከለክለውን ማር ይከለክላል። እንቁላሉን ለመተካት እነርሱ ከልዩ ሱቅ የሚገዙት ተልባ ከእኛ ማጀት አይጠፋም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ተበጥብጦ ጥቂት ሲቆይ ይጓጉላል፣ አንድ እንቁላልንም ይተካል። ቤኪንግ ፓውደሩን ከተጻፈው በሩብ ቀንሰው ውሃውን በጥቂት ማንኪያ ይጨምሩ፤ ካልሆነ ኬኩ ቶሎ ተነፍቶ መሐሉ ይሰምጣል።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ በፋብሪካ ሥራ ላይ ያለን፣ አንድ ቤት ተከራይተን የምንኖር ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ሁለታችን ሙስሊም፣ አንዱ ክርስቲያን። ሥጋ ሲሠራ ድስታችን ይለያያል፤ አብረን የምንበላው የጾም ምግብ ስንሠራ ብቻ ነው። መጽሐፍ የማንበቢያ ጊዜ የለንም። አሠራሩን ከየት እንልቀም?

መልስ፦ ወንድሞቻችን፣ ወሎ ውስጥ የጾም ምግብ እንዲህ ያለ ሥራ እንዳለው ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። በየሠርጉና በየሐዘኑ ለሥጋው ሁለት አራጅና ሁለት ድስት ያስፈልጋል፤ ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ ግን ለሁሉም አንድ ነው። ስለዚህም በአካባቢያችን የሥጋ አልባ ምግብ ሙያ በሁለቱም ወገን ቤት ይገኛል፤ በአንዱ ብቻ መፈለግ ግማሹን መተው ነው። በረመዳን ለማፍጠሪያ የሚጠበሰው የምስር ሳምቡሳ እንቁላልና ቅቤ ሳይነካው ስለሚሠራ ክርስቲያኑ ጓደኛችሁ በዐቢይ ጾም የሚበላው ነው፤ ምስሩ እንዳይረጥብና ሊጡ እንዳይፈታ የሚያደርገውን ብልሃት ሳምቡሳ ሻጯን እናት መጠየቅ ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጣል። ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ የሚያቀርቡ ምግብ ቤቶችም ትምህርት ቤት ናቸው። በምሳ ሰዓት ግርግር አትሂዱ፤ ተመጋቢው ከሳሳ በኋላ ሄዳችሁ ወጥ ሠሪዋን በአክብሮት «እትዬ፣ ፎሶሊያው ሳይጠቁር እንዴት አወጣችሁት?» ብትሏት ሳትነግራችሁ አትቀርም።

ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ በአማርኛ የሚቀርቡ አሠራሮች ብዙ ናቸው፤ ጥራታቸው ግን እኩል አይደለም። ጥሩውን የምትለዩት ሽንኩርቱን ሲያቁላላ ነው። የወጥ ጣዕም በአብዛኛው የሚወሰነው እዚያ ላይ ሆኖ ሳለ፣ ያንን ቆርጦ «ሲበስል» ብሎ የሚያልፍ አቅራቢ ሙያውን ደብቋል ወይም አያውቀውም። ስንት ጭልፋ ውሃ፣ ስንት ማንኪያ በርበሬ፣ ስንት ደቂቃ እንደሆነ የሚናገረውን ያዙ። በርዕሱ «የጾም» ብሎ የገበታ ቅቤ የሚጨምርም አለ፤ አንዳንዱ የገበታ ቅቤ የወተት ተዋጽኦ ስላለበት የማሸጊያውን ጽሑፍ ማንበብ ለጾመኛው ጓደኛችሁ ያስፈልጋል።

ለመጀመሪያ አዚፋን እንመክራለን፤ ቁሌት ስለሌለው የሚበላሽ ነገር የለውም። አንድ ብርጭቆ ድፍን ምስር ተቀቅሎ፣ ውሃው ጠንፍፎ፣ በማንኪያ ጀርባ በግማሹ ይፈጫል። ሲቀዘቅዝ በደቃቁ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ በውሃ የተበጠበጠ ሰናፍጭ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ጨው ይጨመርበታል። ማታ ከሥራ ስትገቡ ሠርታችሁት በማግሥቱ ለምሳ ብትወስዱት ሰናፍጩ ስለሚዋሃደው የተሻለ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ደላንታ ያደገችው አያቴ የምትሠራቸውን የጾም ምግቦች በደብተር መመዝገብ ጀምሬያለሁ፤ እርሷ ግን «እፍኝ»፣ «በዓይን እያየሽ» ከማለት አታልፍም። ደግሞም ሽሮዋን የምታዘጋጀው ከጓያ ነው፤ ጓያ ሽባ ያደርጋል ሲሉ እሰማለሁ። ልጻፈው ወይስ ልተወው? (ከደሴ)

መልስ፦ እህታችን፣ ከጓያው እንጀምር። የሰማሽው እውነት ነው። ጓያ የእግርን ነርቭ የሚጎዳ መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለው ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ ሰውን አንካሳ ያደርጋል። ይህ ለአያትሽ አገር እንግዳ ታሪክ አይደለም፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ድርቅ ሌላውን ሰብል ባጠፋበት ጊዜ በደላንታ አካባቢ በርካታ ሰዎች በዚህ ተጎድተው፣ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1999 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጥቷል። በዚያው አካባቢ በኋላ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው አደጋውን ያባባሰው ጓያን በቆሎ፣ በንፍሮና በእሸትነት መብላት ሲሆን፣ በሽንኩርትና በቅመም ተሠርቶ በወጥ መልክ የተበላው ከጉዳቱ ጋር ዝምድና አልታየበትም። ስለዚህ ጻፊው፤ የአያትሽን ሙያ መፋቅ ተገቢ አይደለም። ከጎኑ ግን የዘወትር ምግብ እንደማይሆን፣ በሽምብራ ወይም በአተር ቢተካ እንደሚሻል፣ በጓያ ቆሎና ንፍሮም ልጆች እንዳይለምዱ በግልጽ አስፍሪ።

ስለ መጠኑ፣ አያትሽን «ስንት ነው?» ብለሽ አትጠይቂያት፤ እጇን ታቆምብሻለች፣ ካቆመችም የምትነግርሽ ቁጥር ለማስደሰት የተባለ ነው። ከዚያ ይልቅ ከመጀመሯ በፊት ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ ጨውንና ዘይቱን ከነዕቃቸው በትንሽ ሚዛን መዝነሽ ጻፊ፤ እርሷ እንደ ልማዷ በእፍኟ ትሥራ፤ ስትጨርስ የተረፈውን መልሰሽ መዝኚ። ልዩነቱ ድስቱ ውስጥ የገባው ነው። ውሃውን ግን ስትጨምር በጭልፋ ቁጠሪ፤ ጭልፋው ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚይዝ አስቀድመሽ በሕክምና ስሪንጅ ወይም በሕፃናት ጡጦ ለኪው።

እንደ ስልጆ ያለው የሚብላላ ምግብ ከሆነ መጠን ብቻውን አይበቃም። የባቄላው ዱቄት ከሱፉ ውሃ ጋር በስሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ሰናፍጩና ነጭ ሽንኩርቱ የገቡበትን ሰዓት፣ ጤና አዳሙ መቼ እንደተጨመረ፣ ማሰሮው ከምድጃው አጠገብ ወይም ከግድግዳው ጥግ መቀመጡን፣ በስንተኛው ቀን እንደተቀመሰ ሁሉ መዝግቢ። ደላንታ ደጋ ስለሆነ ከቆላው ዘግይቶ ይብላላል፤ አያትሽ «በሦስተኛው ቀን ይደርሳል» ያለችው ኮምቦልቻ ላይ በሁለተኛው ቀን ሊኮመጥጥ ስለሚችል፣ ከቀኑ ቁጥር ይልቅ «ደርሷል» የምትልበትን ሽታና ውፍረት በራሷ አነጋገር ብትጽፊው ሌላ ቦታ የሚሠራው ሰው ይጠቀምበታል።